የእንግሊዝን ሬግልማ የጠየቁኝ ሰው

ጥሩምባው ሦስት ጊዜ ተነፋ። ሁለቴ ቢሆን ጎድሏል፣ አራቴ ቢሆን በዝቷል፤ በእድራችን ደንብ ሦስት ነው። ከዚያ ስም፣ ከዚያ ቤት፣ ከዚያ ሰዓት። «የዳዊት፣ የሰብለና የመንበረ አባት፣ አቶ ማንደፍሮ አርፈዋል! ቤታቸው ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ! ቀብር በስድስት ሰዓት!» አለ ጥሩምባ ነፊው። እኔ ገና አልጋዬ ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም፤ «ቅደም ተከተሉ አልተዛነፈም፣ ጋሽ ማንደፍሮ ቢሰሙት ደስ ይላቸው ነበር» አልኩ። ይህን ቅደም ተከተል ያወጡት ራሳቸው ናቸውና። ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሰፈራችን ከገባች ዓመት ያልሞላት ተከራይ ነበረች። ሰብለና መንበረ፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆቻቸው፣ ፊት ለፊታችን ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል። ተከራይዋ ዞር ዞር ብላ አየችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ዳዊት የሚባለው ልጃቸው የቱ ነው? ውጭ ነው እንዴ ያለው?» አለችኝ። «የለም» ልላት አፌን ከፈትኩና ውሸት መሰለኝ። «አለ» ብላትም ሌላ ውሸት ነው። «ረጅም ነው፣ በኋላ እነግርሻለሁ» አልኳት። ይኸው ቃሌን እየጠበቅሁ ነው።

ጋሽ ማንደፍሮ ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ በጭነት ጸሐፊነት ነው ጡረታ የወጡት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከጆሯቸው ላይ እርሳስ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። የባቡር ቤቱን ቆብ ጡረታ ወጥተውም አላወለቁትም። ባቡሩ ያኔ ገና ጨርሶ አልቆመም፤ አልፎ አልፎ እያቃሰተ ሲያልፍ የኪስ ሰዓታቸውን አውጥተው የዘገየበትን ደቂቃ ማስታወሻቸው ላይ ያሰፍራሉ። «አሁን ይሄንን ለማን ነው የሚያስረክቡት?» ብዬ ጠየቅኋቸው አንድ ቀን። «ለማንም። ግን ማንም ሳይጽፈው ከዘገየማ ልማድ ይሆንበታል» አሉኝ።

የእድራችን ጸሐፊ ነበሩ፤ ከተመሠረተ ጀምሮ። ደንብን «ሬግልማ» ይሉታል፤ ከባቡር ቤት የቀረች ፈረንሳይኛ ናት። ስለ ሬግልማ አንድ አባባል ነበራቸው፦ «ሳትዞር አትቁረጥ።» እድሩ አንዲት አንቀጽ ልትለወጥ ነው ከተባለ፣ ጋሽ ማንደፍሮ ደብተራቸውን ይዘው ሌሎች እድሮችን ሊዞሩ ይወጣሉ። አንድ ጊዜ «የእድሩ ድስት ለድግስ ተወስዶ ቢበሳ ማን ያስበይደዋል?» የሚል ጥያቄ ተነሳ። እንዲያው ተነጋግረን እንወስን ቢባሉ እምቢ አሉ፤ እስከ ሳሪስ አቦ በእግራቸው ሄደው የአምስት እድር የድስት አንቀጽ ገልብጠው መጡ። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀባቸው። የድስት ጠብ ግን ከዚያ ወዲህ ተነስቶ አያውቅም።

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከክር ፋብሪካው ጡረታ የወጡ፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው። ለቅሶ ላይ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። አራስ ቤት ግን አይሄዱም። ሰው ወልዳ ሰፈሩ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሊል ሲተም፣ እትዬ አስካለ ገንፎውን ሠርተው በልጆቻቸው ይልካሉ እንጂ በሩን አይረግጡም። ሰፈሩ ይህን ኩራት ይለው ነበር። እኔም ብያለሁ፤ አልዋሽም።

እኔ ማመልከቻ መጻፍ የጀመርኩት ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ላይ፣ ለጠያቂ ቤተሰቦች ነው። በኋላ በሰቃ ገበያ አጠገብ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ተከራየሁ። በሩ ላይ «ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ» ይላል፤ ትንሽ ቆይቼ ከሥሩ «ኢንተርኔት» የሚል በራሴ እጅ ጨመርኩበት። በስልክ መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት ነበር። አንድ ገጽ ተከፍቶ እስኪያልቅ ሻይ ታዞ፣ መጥቶ፣ ተጠጥቶ፣ ብርጭቆው ይመለሳል።

አንድ ጥር ላይ ዘነበች ወደዚያች ሱቅ መጣች። ዘነበች እዚያው ክር ፋብሪካ የምትሠራ፣ የኔ እኩያ፣ ሳቂታ ሴት ናት። የዚያን ዕለት አልሳቀችም። ከበርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ታጥፋለች፣ ትፈታለች።

«ማመልከቻ ጻፊልኝ» አለችኝ።

«ለማን?»

«ለእድሩ።» ነጠላዋን ለቀቀችው። «ሰባት ወር የተሸከምኳት ልጅ ሞታ ተወለደች። ሴት ነበረች። ሰው ‹ይካስሽ› ብሎኝ ከደጅ ይመለሳል። ባለፈው የባሌ አጎት ሲሞት፣ በዓይኔ አይቼው የማላውቀው ሰውዬ፣ ሦስት ቀን ድንኳን ተጥሎ አገር አብሮን ተቀመጠ። የእሷ ጊዜ ግን አንቀጽ ዘጠኝ ይከለክላል አሉኝ። እኔ ገንዘብ ስጡኝ አላልኩም፣ ንፍሮም አላልኩም። ሰው መጥቶ ይቀመጥልኝ።»

አንቀጽ ዘጠኝን አውቀዋለሁ፤ ደንቡን ሙሉውን የተየብኩት እኔ ነኝ። «ክርስትና ያልተነሳ ወይም ስም ያልወጣለት ሕፃን እድሩን አይመለከትም» ይላል። ለእስረኛ ምሕረት፣ ለጠፋ መታወቂያ፣ ለውሃ ቆጣሪ ስንት ዓይነት ማመልከቻ ጽፌያለሁ፤ የዘነበችን የመጨረሻ ቃል ግን ወደ ቢሮ አማርኛ ልለውጠው ብሞክር እምቢ አለኝ። እንዳለ ተውኩት፦ «ሰው መጥቶ እንዲቀመጥልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።»

ጋሽ ማንደፍሮ ማመልከቻውን ቆመው አነበቡት። ሲጨርሱ ቆባቸውን አወለቁ። መላጣቸውን ሳየው ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። ዘነበች እሺታ ወይም እንቢታ ትጠብቃለች። እሳቸው ግን፣ «ልጄ፣ ዞሬ ልምጣ» አሏት።

ዞሩ። ሳሪስ አቦ ያለው እድር እንደኛው ነው፤ ክርስትና ካልተነሳ የለም። የፋብሪካ ሠራተኞቹ እድር ከተወለደ አርባ ቀን የሞላው ብቻ ይላል። ቃሊቲ ያሉት ሴቶች እድር ደግሞ ቀን የሚባል ነገር ጨርሶ አልጻፈም። ከአስፋልቱ ማዶ ያለው የእስላም ነጋዴዎቹ እድር በሆድ ውስጥ አራት ወር ካለፈው ስም ይወጣለታል፣ ይቀበራል፣ ሰው ይደርሳል ብሎ ጽፏል። በአንድ ክፍለ ከተማ አራት ዓይነት መልስ! ጋሽ ማንደፍሮ ደብተራቸውን እኔ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዘነበች ከአስፋልቱ ማዶ ተከራይታ ቢሆን ልጇ ይለቀስላት ነበር እኮ» አሉ።

ያን ሰሞን የሚሰሙት የውጭ አገር ሬዲዮ ስለ ስቴም ሴል አወራ። በማግስቱ ሱቄን ሳልከፍት በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «እዚህ ኢንተርኔት የምትዪው ውስጥ የእንግሊዝ ሬግልማ ይኖራል?»

«የምን ሬግልማ ጋሼ?»

«ያልተወለደውን ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጥሩት። ይኼው ዓለም በሙሉ ሲጨቃጨቅበት አደረ እኮ! ለካ የኛ ጣጣ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝን አምጪልኝ፤ ከዚያ የጀርመንን።»

ነገሩን ማንበብ ያዝን፤ እኔ በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ፣ እሳቸው በፈረንሳይኛቸው ቅሪት። የገባን ይህን ያህል ነው። ልጅ እንቢ ያላቸው ባልና ሚስት ሐኪም ቤት በብርጭቆ ሳህን ውስጥ የሚያስጀምሩት ፅንስ አለ፤ የተረፈው በበረዶ ይቀመጣል። ተመራማሪዎች ከዚያ ከተረፈው፣ ገና እጅም እግርም ካልለየው፣ ሕዋስ ያወጣሉ፤ ስቴም ሴል የሚሉት ይህንኑ ነው። ሕዋሱ ልብም፣ ጉበትም፣ ነርቭም መሆን ስለሚችል ለበሽተኛ መድኃኒት ይወጣዋል ብለው ተስፋ ያደርጋሉ። ሕዋሱ ሲወጣ ግን ፅንሱ አይተርፍም። ያጨቃጨቃቸው ይህ ነው፤ አንዱ አገር «ለታመመው ስንል እንፍቀድ» ይላል፣ ሌላው «ያኛውስ ሰው አይደለም ወይ?» ይላል።

የእንግሊዝን አገኘሁ። «ለምርምር ማዋል እስከ አሥራ አራት ቀን ድረስ፣ በፈቃድ፣ ይቻላል» ብዬ ተረጎምኩና አተምኩላቸው። ስህተቱ የኔ ነው። ከምን ጀምሮ አሥራ አራት ቀን እንደሆነ አልጻፍኩም።

እሑድ የእድሩ ኮሚቴ ተሰበሰበ፤ እኔም የተየብኩትን ቃለ ጉባኤ ላደርስ ሄጄ ከበሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ጋሽ ማንደፍሮ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። «እንግሊዝ፦ ለምርምር ማዋል እስከ አሥራ አራት ቀን በፈቃድ ይቻላል።» እኛ አገር የሕፃን ቀን የሚቆጠረው ከተወለደ ወዲያ ነው፤ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ። ሁሉም በዚያው ቆጠራ ነው የሰማው።

«አሥራ አራት ቀን?» አሉ አንዲት እናት ደረታቸውን ይዘው። «ጡት እየጠባ?»

ሰብሳቢው ጋሽ ሸምሱ ከወንበራቸው ተነሱ። «አዑዙ ቢላሂ! በሰባተኛው ቀን ስም ያወጣንለትን ልጅ? ይኼ መንግሥት ነው?»

ሌላው ሽማግሌ በእድሩ ማኅተም የተቃውሞ ደብዳቤ ይጻፍ አለ፤ ሌላው ደገፈ፤ ጋሽ ማንደፍሮ ራሳቸው እርሳሱን ከጆሯቸው አወረዱ። እኔ ከበሩ እጄን አወጣሁ። «ከተወለደ አይደለም» አልኩ። «ሳህኑ ውስጥ ከተጀመረ ነው። ጀርባ የሚሆነው መስመር እንኳ ሳይታይ ነው።» መጀመሪያ ማንም አላመነኝም። ከዚያ ጋሽ ሸምሱ መሳቅ ጀመሩ፣ ኮሚቴው በሙሉ ተከተለ፣ የእንግሊዝ መንግሥትም ከተቃውሞ ደብዳቤ ተረፈ። ያልሳቁት ጋሽ ማንደፍሮ ብቻ ነበሩ። እርሳሳቸውን እንደያዙ፣ «ለካ ሁሉ ነገር መቁጠር ከየት ይጀመራል ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳቸው! ደብተራቸው ላይ ሰንጠረዥ አሰመሩ፤ በአንድ በኩል «እድሩ» ይላል፣ በሌላ በኩል «ከመቼ ጀምሮ ይቆጥራል?» መጀመሪያ የኛዎቹ አራቱ ሰፈሩ፤ ከሥራቸው ሳይለይ እንግሊዝ፣ ጀርመን፣ አሜሪካ፣ ጣሊያን፣ እስራኤል ቀጠሉ። ለኢትዮጵያም መስመር ተውላት፤ የኛን አገር ሕግ ፈልጌ ግን አላገኘሁላቸውም። ለሦስት ኤምባሲዎችም በእድሩ ማኅተም ደብዳቤ ላኩ። እኔው ነኝ የተየብኩት፦ «ጉዳዩ፦ መተዳደሪያ ደንባችሁን እንድትልኩልን ስለመጠየቅ። እድራችን አንቀጽ ሊያሻሽል ስለሆነ የጎረቤት እድሮችን ልምድ በመሰብሰብ ላይ ይገኛል።» «ጋሼ፣ ይስቁብናል» አልኳቸው። «የድስቱ ጊዜም ስቀው ነበር» አሉኝ።

ከአንደኛው መልስ መጣ፤ የየትኛው እንደሆነ ይቅር። «ለተከበረው እድራችሁ» ብሎ የሚጀምር፣ እዚያ የሚሠራ አንድ ያገራችን ልጅ በጥሩ አማርኛ የጻፈው ደብዳቤ ነው፤ አንዲት ቀጭን መጽሔትም ታጥፋበታለች። መጨረሻው ላይ «ውሳኔያችሁን ብታሳውቁን ደስ ይለናል» ይላል። ጋሽ ማንደፍሮ ደብዳቤውን «የጎረቤት እድሮች» በሚለው ማኅደር ውስጥ፣ ከሳሪስ አቦው ቀጥሎ አስገቡት።

ማታ ማታ ሱቄን ልዘጋ ስል ሁለቱ ሽማግሌዎች በሬ ላይ ካለችው አግዳሚ ይቀመጣሉ፤ ጋሽ ማንደፍሮና ጋሽ ሸምሱ። ጋሽ ሸምሱ በልጅነታቸው ከስልጤ መጥተው ገበያው አፍ ላይ ሱቅ ከከፈቱ ከኔ ዕድሜ ይበልጣል። ከጥቂት ዓመት ወዲህ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ምስር ሲመዝኑ ግማሹ ከሚዛኑ ውጭ ይበተናል። ሐኪሙ የነርቭ ነው፣ ማስታገሻ እንጂ መዳኛ የለውም ብሏቸዋል። እንግዲህ ይህ ሰው ስለ ስቴም ሴል ዝም ብሎ አይሰማም።

«ጀርመን ምን አለች?» ይላሉ።

«ከራሷ ፅንስ ማውጣት ክልክል ነው። ከተቆረጠ ቀን በፊት ውጭ አገር የወጣውን ግን አስገብቶ መመራመር በፈቃድ ይቻላል።»

«ይኼማ ‹እኔ አላርድም፣ ጎረቤት ያረደውን ግን ላኩልኝ› ነው!»

«አሜሪካ ደግሞ መንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው ፕሬዚዳንቱ ከተናገሩበት ቀን በፊት ለነበረው ብቻ ነው። በግል ገንዘቡ ግን የፈለገ ይሠራል።» ጋሽ ማንደፍሮ እዚህ ላይ ይናደዳሉ። «ነውር ከሆነ በማን ገንዘብ ቢሠራ ምን ይለያል? ነውር ካልሆነስ ስለ ምን ይከለከላል? ጣሊያን ይሻላል፤ ክልክል ነው ብሎ ቁጭ። እስራኤልም ይሻላል፤ ማህፀን ያልገባ ገና አይቆጠርም ብሎ ቁጭ።»

«ጣሊያን አይሻልም!» ጋሽ ሸምሱ እጃቸውን ዘረጉ። እጁ ይርገበገባል። «ይቺን አየሃት? ከአንዱ ሳህን እኔን የሚያድን ነገር ከተገኘ ይፍቀዱ! አንተ ሰው፣ እዚያ ሳህን ውስጥ ላለው የሚያለቅስለት ማነው? እናት አላወቀችው፣ ሆድ አልተሸከመው። እኔ ብሞት ግን ዘጠኝ ልጅ ያለቅሳል።»

ጋሽ ማንደፍሮ ደብተራቸውን ገለጡ። «እስቲ ድገመው» አሉ።

«የቱን?»

«የሚያለቅስለት ማነው ያልከውን።»

ጋሽ ሸምሱ ደገሙት። ጋሽ ማንደፍሮ ጻፉት። ባቡሩ ሲያልፍ እንኳ ሰዓታቸውን አላወጡም። ከዚያ ተነስተው ደህና እደሩ ሳይሉን ሄዱ። «ምን አልኩት?» አሉኝ ጋሽ ሸምሱ ደንግጠው። እኔም አላወቅሁም ነበር።

ግንቦት ላይ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ዘነበች ከኋላ፣ ከባሏ ጋር ተቀምጣለች። አራት ወር ሙሉ ጠብቃለች። እንቢ ከተባለች ከእድሩ እንደምትወጣ ነግራኛለች፤ ከእድር መውጣት ማለት እኛ ሰፈር ምን እንደሆነ ለአቃቂ ሰው አልነግረውም። ጋሽ ማንደፍሮ ሰንጠረዡን አነበቡ፤ ከሳሪስ አቦ እስከ አሜሪካ። ሰው በመገረም አዳመጠ፤ የእንግሊዙ ላይ የኮሚቴው ሰዎች ተያይተው ሳቁ።

አንድ ጎልማሳ ተነሳ። «እንፍቀድ ካልን ነገ የሁለት ወር የወረደባት ሁሉ ድንኳን ጣሉልኝ ማለቷ ነው። ቀን ይቆረጥ! አሥራ አራትም ይሁን አርባ፣ ብቻ አንድ ቀን ይቆረጥ።» ብዙ ሰው አጨበጨበለት። ዘነበች አንገቷን ደፋች።

«ዞሬ አየሁ» አሉ ጋሽ ማንደፍሮ። «አገር ሁሉ ቀን ቆርጧል። አንዱ የቆረጠውን ሌላው አልደገመውም። እነሱ የሚቆርጡት ለሐኪምና ለተመራማሪ ነው፤ እስከዚህ ድረስ ንካ፣ ከዚህ ወዲያ አትንካ ለማለት። እነሱ ላይ አልፈርድም። ሸምሱ ቢድንልኝ ከኔ በላይ የሚደሰት የለም። የኛ እድር ግን ለተመራማሪ አይደለም የተቋቋመው። ለሐዘንተኛ ነው። ለሐዘንተኛ ደግሞ ቀን አይቆረጥላትም።»

ቆባቸውን አወለቁ። እጃቸው ላይ ጥቂት አገላበጡት።

«አንቀጽ ዘጠኝን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ አልዞርኩም። ወጣት ነበርኩ፣ ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ከጠረጴዛዬ ሳልነሳ ጻፍኩት። በዓመቱ አስካለ ስምንት ወር የተሸከመችውን አጣች። ወንድ ነበር። ማንም አልመጣም። የጻፍኩት አንቀጽ ነው ያስቀራቸው። እኔም በማግስቱ ሥራ ገባሁ፤ ሰው ሳይመጣ ሐዘን ለመቀመጥ አፈርኩ። እሷ ብቻዋን ተቀመጠች። ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው።» ድምፃቸው አልተሰበረም፤ የጭነት ዝርዝር እንደሚያነቡ ሆነው ነው የተናገሩት። «ሸምሱ ‹የሚያለቅስለት ማነው?› ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ ይኼው ነው። የሚያለቅስ ካለ እንሂድ።»

ያ ጎልማሳ ሰው ተቀመጠ። ጋሽ ሸምሱ ተነስተው፣ «አንድ ይጨመርልኝ፣ ስም ይኑረው። እኛ ዘንድ ያለ ስም አይሸኝም» አሉ። ተጻፈ፦ «እናት ሐዘን ተቀምጫለሁ ካለች እድሩ ይደርሳል። ጥሪው በስም ይሆናል።» እጅ ይውጣ ሲባል የመጀመሪያው እጅ የሚንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ያልወጣ እጅ ፈልጌ አጣሁ።

ክረምቱ ሳይገባ ድንኳኑ ዘነበች ደጃፍ ላይ ተተከለ። በማለዳ ጥሩምባው ሦስት ጊዜ ተነፋና፣ «ቅድስት ግርማ አርፋለች!» ተባለ። ዘነበች አልጮኸችም። መሀል ላይ ተቀምጣ የሚገባውን ሰው አንድ በአንድ ታያለች፤ እንደምትቆጥር ሁሉ። ሰው መጣ። ከአስፋልቱ ማዶም መጣ። በሁለተኛው ቀን የፋብሪካው ወሬ ተነስቶ አንዴ ሳቀች፤ እኛም ሳቅን፤ ከሐዘን ቤት የሚጠበቀው ሳቅ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ አስካለ ገቡ። እስከዚያ አልመጡም ነበር። ነጠላቸውን እንደ ባለሐዘን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ለማንም ሰላምታ ሳይሰጡ ሄደው ዘነበች አጠገብ ፍራሹ ላይ ተቀመጡ። ዘነበች እጃቸውን ያዘች። ሰው መነሳት ሲጀምር እሳቸው አልተነሱም።

ጥሩምባ ነፊው ወደ ጋሽ ማንደፍሮ ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ድንኳኑን ልንቀለው?»

ጋሽ ማንደፍሮ ባለቤታቸውን አዩ። «ተወው» አሉ።

«ነገ ታዲያ ማን ብዬ ልጥራ? ያለ ጥሪ ድንኳን አይውልም ያሉት እርስዎ ነዎት።»

እርሳሱን ከጆሯቸው አወረዱ። ከደብተራቸው ጫፍ ወረቀት ቀደዱ፤ ከዚህ ደብተር ወረቀት ሲቀደድ አይቼ አላውቅም። ጽፈው፣ አጥፈው ሰጡት።

በማግስቱ ጠዋት ጥሩምባው ሦስት ጊዜ ተነፋ። «ዳዊት ማንደፍሮ አርፏል! ቤቱ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ! ሰዓቱ ከአሁን ጀምሮ!» ሰፈሩ የማን ልጅ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ከዘነበች ደጅ ድንኳኑን ተሸክመን ጋሽ ማንደፍሮ ቤት ስንደርስ ጋሽ ሸምሱ ቀድመውናል። የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን ጓደኛቸው ትከሻ ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ጋሽ ማንደፍሮ ሲያለቅሱ አየሁ፤ ደስም አለኝ፣ ልደብቀው አልችልም።

እትዬ አስካለን ውሃ ሳቀብላቸው እጄን ይዘው አስቀሩኝ። «ስም እንዳወጣለት አላውቅም ነበር» አሉኝ። «ይኼን ሁሉ ዓመት በሆዱ ይዞት፣ እኔ ከጥሩምባ ነፊው ሰማሁት።» ከዚያ ስሙን ለራሳቸው ቀስ ብለው ሁለት ጊዜ ጠሩት።

በዓመቱ ዘነበች ወንድ ልጅ ወለደች። አራስ ቤቱ በር ላይ ገንፎውን በገዛ እጃቸው ይዘው ቀድመውን የደረሱት እትዬ አስካለ ናቸው።